ቅቤው እምቢ ያለ ዕለት

ሊፒድን፣ ማለትም የስብና የዘይትን ነገር፣ ለ11ኛ ክፍል ማስተማር ስጀምር ሥራዬ ሰሌዳ መሙላት ነበር። ግሊሰሮል፣ ሦስት ፋቲ አሲድ (ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች)፣ ቀስት፣ ትራይግሊሰራይድ (ስቡ ራሱ)። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ከፈተና በኋላ ይረሱታል። እዚህ ደጀን ደግሞ ወተት ሲናጥ ሳያይ ያደገ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ታዲያ ለምን ከቅቤ አልጀምርም አልኩ።

አንድ ሊትር እርጎ በትልቅ ሃይላንድ ይዤ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ክፍሉ ያፍናል። ተራ በተራ ናጥን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አረፋ ብቻ! ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ዘይት ይግዙ ይሻላል» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

ማታ ለቤት አከራዬ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ በጠራራ ፀሐይ ቅቤ ይወጣል ብሎ ማን ነገረህ? በማለዳ ናጠው። ከሞቀብህ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርግበት» አሉኝ። ምክንያቱን እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

የወተት ስብ የሚኖረው በዓይን በማይታዩ ጠብታዎች ነው። እያንዳንዷ ጠብታ ፎስፎሊፒድ የሚባል የሊፒድ ዓይነትና ፕሮቲን ያለበት ስስ ሽፋን ለብሳለች። የፎስፎሊፒድ ጭንቅላት ውሃ ይወዳል፣ ሁለቱ ጅራቶቹ ውሃ ይሸሻሉ። ለዚህ ነው ጠብታዎቹ ተለያይተው የሚቆዩት። መናጥ ያንን ሽፋን መቅደድ ነው። ግን የተቀደዱት እንዲጣበቁ ስቡ ከፊሉ የረጋ፣ ከፊሉ ፈሳሽ መሆን አለበት። በጣም ከሞቀ ይቀልጣል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ይደርቅና አይያያዝም።

በሌላ ቀን በአንደኛው ክፍለ ጊዜ ደገምነው። ሾ ሾ ሲል የቆየው ድምፅ ድንገት ከበድ አለ። የሃይላንዱ ግድግዳ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ቢጫ እንክብሎች ተለጠፉ፤ ወዲያው ተሰብስበው አንድ ሆኑ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ቅቤው በጠባቡ አፍ አልወጣ ስላለ ሃይላንዱን በቢላ ቀደድነው። አፈ ሰፊ ዕቃ መያዝ ነበረብኝ።

ቀጥሎ ክብሪት አወጣሁ። ቀጥ ያሉት እንጨቶች ቀፎው ውስጥ ጥቅጥቅ ብለው ገቡ። ሳይበጠሱ ከመሃል የተሰበሩት ግን ገና ጥቂት ሳይገቡ ቀፎው ሞላ። ሳቹሬትድ፣ ማለትም ድርብ ትስስር የሌለው ፋቲ አሲድ ቀጥ ያለው ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚደረደር ቶሎ ይረጋል። በአንሳቹሬትዱ ውስጥ ያለው ድርብ ትስስር ሰንሰለቱን ያጎብጠዋል። ስቲሪክ አሲድም ኦሊክ አሲድም 18 ካርቦን አላቸው፤ የመጀመሪያው ግን የሚቀልጠው 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ሁለተኛው 13 ገደማ ላይ ነው። ልዩነቱ ያቺ አንዲት ጉብጠት ናት። የኑግ ዘይት በብርድም የማይረጋው በእንዲህ ያሉ ጎባጦች ስለተሞላ ነው።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። «የእንስሳ ይረጋል፣ የዕፅዋት ፈሳሽ ነው» አልኩ። አንዷ እጇን አወጣች፦ «የሚረጋው ዘይትስ?» እውነቷን ነው። የፓልም ዘይት ከዕፅዋት ቢሆንም ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። እዚያው ሰሌዳው ላይ ያሰፈርኩትን አጠፋሁት።

የህዋስ ሽፋን ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። ያው ፎስፎሊፒድ ነው፤ ግን ውሃ በውስጥም በውጭም ስላለ ሁለት ረድፍ ሠርቶ ጅራቱን መሃል ይደብቃል። የኃይሉንማ ነገር ልጆቹ ቀድመውኝ ያውቁታል፦ አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4። ኮሌስትሮልን ግን ሁሉም ጠላት አድርጎታል። ያለ እሱ የእኛ የህዋስ ሽፋን አይጸናም፤ ኤስትሮጅንና ቴስቶስትሮንም የሚሠሩት ከእሱ ነው።

ደወል ሲደወል ያ ዘይት ግዙ ያለኝ ልጅ መጣ። «ቲቸር፣ ስቡ ከወጣ አሬራው ለምን ነጭ ሆነ?» ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ውስጡ ስለቀረ ነው፣ ብርሃን የሚበትነው እሱ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና አሬራውን ጠጥቶት ሄደ።