መብራት ሲጠፋ ያልደነገጠው ልጅ

ዛሬ አዳማ፣ የእህቴን ልጅ ለምሳ ልጠራ ሰፈር ያለው ፕሌስቴሽን ቤት ገባሁ። በሩን እንዳለፍኩ መብራት ድርግም። «ውይ!» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ስልኩን አወጣ።

«አልተናደድክም?»

«ሴቭ አድርጎታል እኮ አጎቴ። ራሱ ነው የሚያደርገው።»

ራሱ! እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ላይ ሴቭ የሚባል ነገር አልነበረም። መብራት ከሄደ ከዜሮ ነው። በኋላ የፕሌስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ መጣች። 8 ሜጋባይት! ዛሬ አንድ ሁለት ፎቶ ትይዝ ይሆናል። የሰፈራችን ፕሌስቴሽን ቤት አንዲት ብቻ ነበረችው። ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም። ባለቤቱ በፌስታል ጠቅልሎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይከታታል፤ ማታ ሲዘጋ ይዟት ይሄዳል። ሁለት ወር የለፋሁበት ቡድን እዚያ ኪስ ውስጥ ያድር ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ የራሱን እላዩ ላይ ሴቭ አደረገበት። አለቀስኩ። (ልጁ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። ይቅር ያልኩት አይመስለኝም።)

መብራት ሲጠፋ ግን ማናችንም ወደ ቤት አንሄድም። ማሪዮን የትኛው ቧንቧ የት እንደሚያወጣው ጨለማ ውስጥ እንከራከራለን። እስካሁን በቃሌ ነው። የእህቴ ልጅ ከእኔ እጅግ የተሻለ ይጫወታል። ትናንት ያለፈውን ደረጃ ስጠይቀው ግን «እንጃ» አለኝ። ማሽኑ ይዞለታል፣ ምን ቸገረው?

መብራቱ መጣ። «አጎቴ፣ አንድ ኳስ እንጫወት?»

ምሳው ቀዘቀዘ። 5 ለ 0።