አራት ኖድ፣ አንድ ግራፍ፣ ሁለት የባከኑ ሌሊቶች

የኤክሴልን የላይን ቻርት ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለት ሌሊት ሙሉ እተኛ ነበር።

አዳማ ውስጥ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነበርኩ። የላብ ሥራው ከባድ አልነበረም። 220 ቮልቱን በትራንስፎርመር ወደ 12 ማውረድ፣ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ አራት ዳዮዶች ብሪጅ ማሳለፍ፣ ቻርጅ በሚያጠራቅም ካፓሲተር ማለስለስ፣ በ7805 ሬጉሌተር ቺፕ ደግሞ የተረጋጋ 5 ቮልት ማውጣት። ከዚያ የየኖዱን (ሽቦዎች የሚገናኙበትን ነጥብ) ቮልቴጅ በግራፍ ማሳየት። ኤልቲስፓይስ በሚባል የሰርኪዩት ሲሙሌተር ላይ ሳልኩት፣ ረን አልኩት፣ ኖዶቹን ጠቅ ጠቅ አደረግኩ፣ ሞገዶቹ መጡ። የኖዶቹን ስም ራሳችሁ ስጡ። ፕሮግራሙ የሚሰጠው ቁጥር ሰርኪዩቱን በነካካችሁ ቁጥር ሊቀየር ይችላል።

ትራንስፎርመሩ ጋ ትንሽ ተጠንቀቁ። ግራውንዱ (ቮልቴጅ የሚለካበት ዜሮ ነጥብ) ከብሪጁ በኋላ ስለሆነ ከሁለቱ ጫፎች አንዱን ብቻ ካያችሁ ግማሽ ሞገድ ነው የምታገኙት። አንዱን ጫፍ ተጭናችሁ ሳትለቁ እስከ ሌላው ጎትቱ። ልዩነታቸውን ያሳያችኋል።

የላብ ወረቀቱ ግን “ዳታውን ወደ ኤክሴል ወስዳችሁ ሁሉንም በአንድ ግራፍ አሳዩ” ይላል። እሺ ብዬ ወሰድኩት። ላይን የሚለውን ቻርት መረጥኩ።

ሳይን ሞገዱ ሳይን አልመስል አለ። ጫፉ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል፣ ዜሮው አካባቢ ደግሞ ተጨምድዷል። አሲስታንቱ አየት አድርጎ “ዳዮዶችህን ተሳስተሃል፣ ሂድና አስተካክል” አለኝ። የታችኛውን የሰዓት መስመር አላየም። እኔም አላየሁም፣ እውነቱን ለመናገር።

የመጀመሪያውን ሌሊት ዳዮድ ስቀያይር አነጋሁ። በሁለተኛው መሃል ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፔ ባትሪው የሞተ ስለነበር እሱም አብሮ ጠፋ፣ ሴቭ አላደረግኩም ነበር። ሙቀቱ ላይ ደግሞ የወባ ትንኝ። ሰርኪዩቱ እኮ ምንም አልሆነም!

በሦስተኛው ቀን እንዲሁ ስቆዝም ዓይኔ የሰዓቱ ኮለም ላይ አረፈ። ረድፎቹ እኩል አይራራቁም። ለካ ሲሙሌተሩ ዳዮዱ ሲከፈትና ሲዘጋ በጣም ትናንሽ እርምጃ ይወስዳል፣ ነገሩ ሲረጋ ደግሞ በትልልቁ ይራመዳል። የኤክሴል ላይን ቻርት ግን ሰዓቱን እንደ ቁጥር አያነበውም። እያንዳንዱን ረድፍ እኩል አራርቆ ይደረድራል። ዳዮዶቹ የሚያሳልፉት ሞገዱ ጫፉ ጋ ሲደርስ ነው፣ ረድፍ የበዛውም እዚያ ነው። ለዚህ ነው ያበጠው። ቻርቱን ሰዓቱን እንደ ቁጥር ወደሚያነበው ስካተር ቀየርኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ተናድጄ ሳቅኩ።

ወዲያው ሌላ ስህተት ሠራሁ። ካፓሲተሩን ከ470 ወደ 2200 ማይክሮፋራድ ቀይሬ እንደገና ረን አደረግኩና የአዲሱን ቮልቴጅ ብቻ ከአሮጌው ሰዓት ጎን ለጠፍኩ። ሞገዶቹ ተንሸራተው ተለያዩ። እያንዳንዱ ረን የራሱ ሰዓት አለው፣ ስለዚህ ሰዓቱንም አብራችሁ ውሰዱ።

ሁሉንም በአንድ ግራፍ የሚለውን መመሪያ ደግሞ እኔ አልቀበለውም። 17 ቮልት ገደማ የሚደርስ ሞገድ አጠገብ የ5 ቮልቱ ሪፕል (ከተለሰለሰ በኋላ የምትቀረው ትንሽ ሞገድ) በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ሚሊቮልት እንዴት ይታይ? እኔ ለሁለት ከፈልኩት። ላይና ታች፣ ሰዓታቸው አንድ፣ ስኬላቸው ግን ለየብቻ። አሲስታንቱ “አንድ ግራፍ አልተባለም?” ብሎ ሁለት ማርክ ቀነሰብኝ። ዛሬም ቢሰጠኝ ለሁለት ነው የምከፍለው።