ወንዛቸው እንደ አባይ ነው?

ባሕር ዳር እንደገባሁ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ምግቡም ስለ ብርዱም አይደለም። «ለመሆኑ ወንዛቸው እንደ አባይ ነው?» አለችኝ። ፈረንሳይ ለሥልጠና ሄጄ ነበር። ያየሁት ወንዝ ሎዋር ይባላል፣ ያየሁትም አምቧዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከባቡር ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድይ ተሻግረህ ደሴት ላይ ትደርሳለህ፣ ከደሴቷ ደግሞ ሌላ ድልድይ። ሎዋር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ከፈረንሳይ ወንዞች ሁሉ ረጅሙ ነው። ግን ሐምሌ ነበር፤ እኛ ጋ አባይ ደፍርሶ በሚሞላበት ወር እነሱ ጋ ውሃው ጎድሎ አሸዋው መሃል ለመሃል ወጥቷል። ዳር ላይ ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነ የእንጨት ጀልባዎች ታስረዋል። ታንኳችን ትዝ አለኝና ትንሽ ቆምኩ።

ቤተ መንግሥቱ ገደል ላይ ነው፣ ነጭ ድንጋይ። አንደኛው ግንብ ደረጃ የለውም። ውስጡ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሰፊ መንገድ ነው፣ ፈረስና ሠረገላ ከታች ከከተማው እስከ ላይ ድረስ እንዲዘልቅበት የተሠራ። እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው እዚያ ውስጥ ሲገባ የኮቴው ድምፅ ጆሮው ላይ ይመጣበታል፣ እኔንም መጣብኝ። ንጉሥ ሻርል 8ኛ በ1498 (በፈረንጆች) የሞተው እዚሁ ግቢ ነው፤ ገና 27 ዓመቱ፣ የበር ጉበን ግንባሩን መቶት።

ብዙው ሰው የሚሰለፈው ለሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። በ1516 የጊዜው ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ጠርቶት መጣ፣ በ1519 እዚያው ከተማ አረፈ፣ መቃብሩ ግቢው ውስጥ ባለች ትንሽ ጸሎት ቤት ነው። አየሁት፣ ደስ ይላል።

እኔን ያስቀረኝ ግን አትክልት ቦታው ነው። ሣሩ ላይ ዝቅ ዝቅ ያሉ ድንጋዮች ተደርድረዋል፣ ዓረብኛ ተጽፎባቸዋል። የአልጄሪያው አሚር አብዱልቃድር ፈረንሳዮችን ለዓመታት ከተዋጋ በኋላ በ1847 እጁን ሲሰጥ ወደ ሙስሊም አገር እንሸኝሃለን ብለውት ነበር። ቃላቸውን አፈረሱ። ከቤተሰቡና ከተከታዮቹ ጋር አምጥተው ከ1848 እስከ 1852 እዚህ አሰሩት። እሱ ተፈታ፤ 25 ሰዎቹ ግን እዚሁ ሞተው ቀሩ፣ ድንጋዮቹ የእነሱ መታሰቢያ ናቸው። ከዚያ ቦታ ሎዋር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እነሱም በየቀኑ ሲያዩት የነበረው ይኸው ውሃ ነው እያልኩ ባቡሬ እስኪደርስ ተቀመጥኩ። በአስጎብኚ መኪና ብመጣ ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር።

ለእናቴ ስነግራት የወንዙን ነገር ተወችው።

«ልጆችም አሉባቸው?» አለችኝ።

አሉ፣ እማ።