ግብር ያልተከፈለበት ልምድ

ዛሬ ደብሮኛል። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለኝም። ደመናው ከቀትር ጀምሮ ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ፤ አልዘነበም፣ አልገፈፈም። እኔ ደግሞ የሶፍትዌር ድርጅታችን ለሚወዳደርበት አንድ ጨረታ የሚገባ የባለሙያዎች ዝርዝር ስሞላ ዋልኩ። ስም። የትምህርት ደረጃ። የተመረቀበት ዘርፍ። ከምረቃ በኋላ ያለ የሥራ ልምድ። ከግርጌው ደግሞ የልምድ ማስረጃው የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን መግለጽ አለበት ይላል። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚህ አገር ሥራ የፈለገ ሰው ሁሉ ያቺን ደብዳቤ ለማግኘት የድሮ መሥሪያ ቤቱን ደጅ ጠንቷል።

ሠንጠረዡን አልጠላሁትም። ገንዘብ የሚከፍል አካል ማንን እንደሚቀጥር ማወቅ አለበት። ግን የእኛን ቤት ሰዎች አንድ በአንድ እየጻፍኩ ስሄድ፣ መስመሩ ላይ የምጽፈው ነገርና ሰውየው ጠረጴዛችን ላይ ይዞት የሚመጣው ነገር አልገናኝ አለኝ።

ሲስተርን ውሰዱ። ጋውኗን ካወለቀች ቆይታለች፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ሲስተር ነው የምንላት። “ነርሲንግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ” ብዬ ጻፍኩ። ገምጋሚው ይሄን ሲያይ ነርስን ከሶፍትዌር ጋር ምን አገናኛት ማለቱ አይቀርም። የአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሲስተም ስንሠራ ቅጹ አምሮ ነበር። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ። ሁሉም ካልተሞላ “ቀጥል” የሚለው አይሠራም። ሲስተር ትንሽ አየችውና፣ “ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጃጅ ራሱን የሳተ ሰው አምጥቶ ቢያወርድልኝ ስሙን ማን ይነግረኛል?” አለች። ስሙ ላልታወቀ ሰው ጊዜያዊ የካርድ ቁጥር የሚሰጥበት መንገድ የተጨመረው በዚያች ጥያቄ ነው። ከትውልድ ቀኑ ጎንም “ዕድሜ በግምት” የሚል ገባ። ከገጠር የመጡ እናት ዕድሜያቸውን እንጂ ቀኑን አይነግሩህም፤ ዕድሜውንም ቢሆን በግምት ነው።

ከዚያ ፍለጋው ላይ ደረሰች። ካርድ ክፍል ውስጥ አንዱ ሠራተኛ “ኃይሉ” ብሎ ይመዘግባል። በሌላ ቀን ሌላዋ “ሀይሉ” ብላ ትፈልጋለች። የለም ይላታል። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ አዲስ ካርድ ታወጣለታለች። አሁን ሰውየው ሁለት ካርድ አለው ማለት ነው። የመጀመሪያው ካርድ ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ተጽፎ ከሆነስ? ለጆሯችን አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ፍለጋው እነዚህን ከነዘሮቻቸው፣ ሀ እና ሃንም ጭምር፣ አንድ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ ለፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ ነገር መርፌ ይዞ አልጋ አጠገብ የቆመ ሰው ሆኖ ማሰብ ነው። እሷ ያን ሆና ኖራለች።

ከፓርኩ የመጣችው ልጅ ደግሞ አለች። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሲመረቅ ገና ተማሪ ነበረች። ማኔጅመንት ጨርሳ ገባችና የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ሆነች። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አጎዋ ከሚባለው ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል ስትወጣ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ እሷም ሥራዋን አጣች። በዚያ ሰሞን ስንት ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደየቀዬው እንደተመለሰ ሐዋሳ የነበረ ያውቃል። የስፌት መስመር ላይ ሸሚዝን አንድ ሰው አይሰፋውም። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ቁልፍ እያሉ ይቀባበሉታል። ሱፐርቫይዘር የሚያየው ማን እንደፈጠነ ሳይሆን የማን ጠረጴዛ ላይ እንደተከመረ ነው። ይህቺ ልጅ አንድ አገልግሎት ሰጪ ቢሮ ሄደን ሁላችን ኮምፒውተሩ ላይ ስናፈጥ እሷ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ፋይሉን ዓይኗ ይከተል ነበር። ተመልሳ መጥታ፣ “ሁሉም ጋ ባዶ ነው፤ ማኅተም ያለበት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው የተከመረው” አለች። ስለዚህ ምዝገባውን ማፍጠን ክምሩን ከማሳደግ ሌላ ምንም አያመጣም። ምክራችን የተቀየረው ያኔ ነው። የቱ ወረቀት በእርግጥ ማኅተም ያስፈልገዋል፣ የቱስ አያስፈልገውም ወደሚለው ዞርን።

ኢንጂነር ሲቪል ነው፣ ሳይት ላይ ኖሯል። ቦታውን ሳያይ እስክሪብቶ አያነሳም። ስለሱ ይሄ ይበቃል።

እኔ ራሴ የአፈር ሳይንስ ምሩቅ ነኝ። ምደባ ነው፤ የመረጥኩት ሌላ ነበር፣ የደረሰኝ ይሄ። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን፣ የተመረቅንበት ዘርፍ የውጤታችንና የኮታው ታሪክ እንጂ የእኛ ታሪክ አይደለም። ቢሆንም ያ ትምህርት እጄ ላይ ቀርቷል። የማሳ አፈር ለምርመራ ስትወስድ ከአንድ ጉድጓድ አይደለም። በዚግዛግ እየሄድክ ከብዙ ቦታ ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ትወስድና ባልዲ ውስጥ ትቀላቅለዋለህ። ከአጥር ሥር፣ ከዛፍ ሥር፣ ፍግ ከተከመረበት አጠገብ አትወስድም፤ ማሳውን ሁሉ የሰባ ያስመስልብሃል። ሰዎችን ስለ ሥራቸው ልጠይቅ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ መርጦ የሚያቀርብልኝ ሠራተኞች ፍጉ አጠገብ የተወሰደ አፈር ናቸው። አመሰግንና ሌሎቹንም ፈልጌ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ለነገሩ ቀኑን ሙሉ የከበደኝ እሳቸው ናቸው መሰለኝ።

ጋሼ ታፔላ ጻፊ ነበሩ። መናኸሪያ አካባቢ ጀመሩ፤ የሱቅ በር፣ የሆቴል ግድግዳ፣ የአውቶቡስ ጎን፣ ኋላም የባጃጅ ጀርባ። በብሩሽ፣ መሰላል ላይ ቆመው። ባነር ማተሚያ ከተማውን ሲሞላው የብሩሹ ሥራ ቀዘቀዘ፤ እሳቸውም ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብለው መጀመሪያ የህትመት ዲዛይን፣ ቀጥሎ የመተግበሪያ ገጽ የሚነደፍበትን ፊግማ ለመዱ። ዛሬ የምንሠራው መተግበሪያ ሁሉ መልኩ ከእሳቸው እጅ ነው የሚወጣው። ሠንጠረዡ ላይ “10ኛ ክፍል” ተብለው ይጻፋሉ። “ከምረቃ በኋላ” የሚለው ለእሳቸው ትርጉም የለውም፤ መሰላል ላይ ለቆሙበት ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤትም የለም። ነጥባቸው ዜሮ ነው።

እሳቸው ምን እንደሚያደርጉ ላሳያችሁ። አንድ ገጽ ሠርተው ሲጨርሱ ስልኩን ይዘው ይወጣሉ። ቢሮ ውስጥ አያዩትም። አስፋልቱ ዳር ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው። ታፔላ ሲጽፉ መሰላሉን ወርደው መንገዱን ተሻግረው ነበር የሚያዩት፤ የሚያነበው ሰው መኪና ውስጥ ነውና። ስልክም የሚነበበው ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየተገዛ ነው። ከወጡበት ሲመለሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይቀየራል፤ ያ ቄንጠኛ ግራጫ ጽሑፍ ይጠቁራል፣ ቀጭኑ ይወፍራል።

ፊደሉን ደግሞ እንደሳቸው የሚያይ ሰው አላውቅም። ቡ እና ቢን የሚለያቸው ያቺ ትንሽ ቅጥያ ወገቡ ላይ ናት ወይስ እግሩ ሥር የሚለው ብቻ ነው። ፊደሉ ሲያንስ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የሰው ስም ይሳሳታል። ስለዚህ ጋሼ የአማርኛ ጽሑፍ ለላቲን ፊደል ከተመጠነው መጠን ከፍ እንዲል፣ በመስመሮቹ መሃልም አየር እንዲኖር ይከራከራሉ። ለእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለም፤ ርዕሱን ከሐተታው የሚለየው ውፍረቱ፣ መጠኑና ቦታው ነው። ይሄን ሁሉ ማንም አላስተማራቸውም። ቀለም ሲፈስባቸው፣ ባለሱቅ “አይነበብም” ብሎ ገንዘብ ሲከለክላቸው ነው የተማሩት።

አንድ ጊዜ ስለ ሱዛን ኬር ነገርኳቸው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣውን የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ትንንሽ ሥዕሎች የሠራችው እሷ ናት። ዶክትሬቷ በሥነ ጥበብ እንጂ በኮምፒውተር አልነበረም። ባለካሬ ደብተር ገዝታ 32 በ32 ካሬ ላይ አንዱን እየሞላች አንዱን እየተወች ጀመረች። ጋሼ አልገረማቸውም። “እኛስ ትልቁን ግድግዳ በካሬ ከፍለን አይደል የምንሞላው?” አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ይሄን ስጽፍ የማስበው ስለ ነጥቡ ብቻ አይደለም። ሰሞኑን አፓረንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ የወጡ ተማሪዎች እኛ ጋ አሉ። ጎበዞች ናቸው። ኮድ ላይ ሁላችንንም ያስከነዳሉ፣ ያልገባቸውን ለመጠየቅ አያፍሩም፣ ወድጃቸዋለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእነሱ ሠንጠረዥ ከእኛ የተሻለ ነው የሚሆነው፤ ዘርፉ ትክክል፣ ልምዱ ትክክል፣ ደብዳቤው ግብር የተከፈለበት። ግን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ስክሪን ነው የመጡት። እኛ ሁላችን ሌላ ሥራ ተዘግቶብን፣ ወይም ደክሞን፣ ወይም ተመድበንበት ትተነው ነው እዚህ የደረስነው። ከእንግዲህ ብሩሽ የሚማር ልጅ የለም። ስፌት መስመር ላይ ቆሞ ክምር ማየት የለመደ ሰውም በየቢሮው አይገኝም።

ሲስተርን የምታውቃቸው የካርድ ክፍል ሰዎች ልጆቹን ጥቂት ቀን ያስቀምጡልን እንደሆነ እንድትጠይቅልኝ ለምኛታለሁ። እሺ ብላለች። ጋሼም ፀሐይ ላይ ሲወጡ አንዱን ልጅ ማስከተል ጀምረዋል። ደስ ይለኛል። ግን መጎብኘትና እንጀራ የሚበላበት መሆን አንድ አይደለም። ባለሱቁ ገንዘብ የከለከለው ጋሼን ነው እንጂ ጎብኚ አይደለም። በሽተኛውም የተሰጠው ለሲስተር ነበር፣ ሌሊት፣ ብቻዋን። ከዚህ ሌላ የሚሠሩበት ቦታ ሳይኖራቸው እዚሁ የሚጀምሩት ልጆች ይሄን ከየት ያገኙታል?