የቆርቆሮውና የእንጨቱ ጩኸት ናፈቀኝ

የስታዲየም ጩኸት ናፍቆኛል። የዛሬው አይደለም፣ የድሮው። ድምፅ ማጉያው ከመግባቱ በፊት፣ ቩቩዜላ የሚባለው የፕላስቲክ ጡሩንባ ከመምጣቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ደጋፊ ከቤቱ ያገኘውን ይዞ ይመጣ የነበረበት ጩኸት። ጠጠር የገባበት የወተት ቆርቆሮ፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ከነዱላው፣ የበሬ ቃጭል፣ ፊሽካ፣ ጡሩንባ፣ አንዳንዴም ጅራፍ። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ የምለውን ወዲያው እንደሚሰማው እርግጠኛ ነኝ።

ሰሞኑን ነገሩ የባሰብኝ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ኳስ ቪዲዮ ካየሁ በኋላ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው። ደጋፊዎቹ ኮትና ኮፍያ ለብሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል። ብዙዎቹ ከጭንቅላታቸው በላይ አንድ የእንጨት ነገር እያሽከረከሩ ነው፣ ድምፁ ደግሞ ኳሱን ሁሉ ይሸፍነዋል። ራትል ይሉታል። ስሙን ሳላውቀው ወደድኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። እጀታው ጫፍ ላይ ጥርስ ያለው ትንሽ የእንጨት መዘውር ተተክሏል። በመዘውሩ ዙሪያ የሚዞር ፍሬም አለ፣ ፍሬሙ ላይ ደግሞ አንድ ጫፉ ብቻ የተጣበቀ ስስ ጣውላ ተገጥሟል። እጀታውን ይዛችሁ ስታሽከረክሩት ፍሬሙ ይዞራል፣ ስሱ ጣውላም በየጥርሱ ላይ እየተነሳ ይወድቃል። አንዷ ምት ቀጭ ነው የምትለው። ፈጠን ሲል ግን ቀጭታዎቹ ይያያዙና ቀርርርርር ይሆናል። መብራት የለ፣ ባትሪ የለ፣ ትንፋሽም አይፈልግም። ክንድ ብቻ።

ታሪኩን ሳነብ ደግሞ የበለጠ ገረመኝ። እቃው ኳስ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ሌላ ሥራ ነበረው። የለንደን ፖሊሶች በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊሽካ እስኪታደላቸው ድረስ ሌባ ሲያዩ የሚጠራሩት በዚህ ነበር። ገበሬዎቹ ወፍ ያባርሩበት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የመርዝ ጋዝ መምጣቱን ማስጠንቀቂያ ሆነ። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜም ጋዝ ከተጣለ ሕዝቡን እንዲያስጠነቅቁበት ለየከተማው ጠባቂዎች ተሰጠ። ጋዙ እንግሊዝ ከተሞች ላይ አልተጣለም። ጦርነቱ ሲያበቃ ከእነዚያ ራትሎች ብዙዎቹ በደጋፊ እጅ ስታዲየም ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኛ ላይ ጋዙ በእርግጥ ተጥሏል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ተከዜ ላይ፣ ተንቤን ላይ፣ ማይጨው ላይ መርዝ ሲያዘንብ፣ ባዶ እግሩን የዘመተው ወገናችን ጭምብልም አልነበረው፣ የሚያስጠነቅቀውም አልነበረው። ለሞት ተብሎ የተሠራ እቃ መጨረሻው የጎል ደስታ መሆኑ ደስ ይለኛል፣ ይህንን ግን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ወፍ ማባረሩን እኛም እናውቀዋለን። ደምቢያና በለሳ ማሽላው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ነው የሚውሉት። የእንግሊዙ ልጅ ያን እንጨት ሲያዞር የኛው ጅራፉን ያጮሃል። ሁለቱም መሣሪያዎች ከማሳ ወደ ኳስ ሜዳ መግባታቸው ነው የሚገርመኝ።

የኛ ጅራፍ ኳስ ሜዳ የሚገባው በክረምት ነው። ብዙ ሰው የጎንደርን ድጋፍ ሲያስብ ትልቁ ስታዲየም ይመጣበታል፣ እኛ ግን ሙያውን የተማርነው በክረምት የሰፈር ውድድር ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሜዳው ጭቃ በጭቃ ይሆናል፣ ዝናቡ እስኪያባራ ዛፍ ሥር ተጠልለን ቆርቆሮ እናሰናዳለን። ጠጠሩ ይመረጣል። ትልልቅ ከሆነ ያንኳኳል እንጂ አይንሿሿም። አሸዋ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ባቄላ የምታክለዋ ጠጠር ናት ትክክለኛዋ፣ ቆርቆሮውም እስከ ሲሶው ብቻ ነው የሚሞላው፣ ከዚያ ካለፈ ጠጠሩ መንቀሳቀሻ ያጣል። ጀሪካኑም የራሱ ጥበብ አለው። ክዳኑ ሲከፈት ድምፁ ይጎላል፣ ሲዘጋ ይታፈናል። ነሐሴ ገብቶ ቡሄ ሲቃረብ ደግሞ ጅራፉ ይጨመራል። የጅራፍ ጫፍ ሲወረወር ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚበልጥ ነው እንደዚያ የሚጮኸው። ያን ጊዜ ይህን የሚነግረን አልነበረም፣ ጎል ሲገባ ከሜዳው ዳር ሦስት አራት ልጅ ተከታትሎ ሲያጮኸው የተጋጣሚው ሰፈር ልጆች ፊት ላይ የሚታየውን ግን እናውቀው ነበር።

እነዚያ ድምፆች ባለቤት ነበራቸው። ዋናው ነገር ይህ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ማን የት እንደተቀመጠ እነግራችሁ ነበር። ሰፈራችን አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ትልቅ የበሬ ቃጭል በጋቢያቸው ሥር ይዘው የሚመጡ። ጎል ሲገባ አያቃጭሉም። ግብ ጠባቂያችን ኳስ ሲያድን ብቻ ነው የሚያቃጭሉት። «ጎል ላገባው ሁሉም ይጮህለታል፣ ላዳነው ማን አለው?» ይሉ ነበር። ግብ ጠባቂዎቹም ለምደውት ኳሷን አቅፈው ሲነሱ ወደ እሳቸው እጅ ያነሳሉ። አሁን ያ ቃጭል ቢመጣ ማን ይሰማዋል?

ከዛሬው ጩኸት ጋር ያለኝ ጠብ ይሄ ነው። ማነሱ አይደለም፣ እንዲያውም የዛሬው ይበልጣል። ግን ጨዋታውን አይከተልም። ቆርቆሮ የሚያንሿሽ ክንድ ይደክማል፣ ስለዚህ ያርፋል፣ ሲያርፍ ደግሞ ጨዋታውን ያያል፣ የክንፍ ተጫዋቹ ኳስ ይዞ ሲነሳ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ድምፁ ከኳሱ ጋር ይነሳል፣ ከኳሱ ጋር ይወርዳል። ማዕዘን ምት ሲሆን ከአንድ ጥግ ይጀምርና ሜዳውን ይዞራል። የኛ ሰው ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲያስቀምጥ ማንም ሳያዝ ሁሉም ጸጥ ይላል። ተጫዋች ይህን ይሰማል። ጀርባውን ለኳሱ የሰጠ ተከላካይ እንኳ አደጋ እየመጣ መሆኑን ከቆርቆሮው ፍጥነት ያውቅ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ቩቩዜላው እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ ላይ ዓለም ሁሉ የሰማው እሱን ነው። አንድ ኖታ ነው ያለው፣ ከቅርብ ከተነፋ ድምፁ 120 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ተጫዋቾች መደማመጥ አልቻልንም ብለው አማረሩ፣ የአውሮፓው እግር ኳስ ማኅበርም በዚያው ዓመት ከውድድሮቹ አገደው። አፍሪካዊ ድምፅ ነው ይከበርልን ብለው የተሟገቱትን ወንድሞቼን አከብራለሁ፣ ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ላይ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ማንም ማንን በምንም ቢያደነቁር ግድ አልነበረኝም። ግን ልቤ አይቀበለውም። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ነውና ክፍተት የለውም፣ ክፍተት ከሌለው ደግሞ ጎል ሊገባ ሲል የሚለወጥ ነገር የለም። የሁሉም ድምፅ አንድ ስለሆነ የጋሼ ቃጭል ዓይነት ነገር ቦታ የለውም።

ድምፅ ማጉያው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አስጨፋሪ ድሮም ነበር። አጥሩ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚያስጨፍር ሰው ክብር ይገባዋል። ፉከራውም፣ ሽለላውም፣ እልልታውም የኛው ነው፣ ጎንደር ላይ ይህ ባይኖር ነበር የሚገርመው። ግን ማይክና ትልቅ ስፒከር ሲመጣ ሕዝቡ መጮህ አቁሞ መስማት ይጀምራል። የተቀዳ ዘፈን ተከፍቶ እያለ ጠጠር የምታንሿሽ ልጅ ምን ታድርግ? ቆርቆሮዋን አስቀምጣ ስልኳን ታወጣለች። ታወጣለችም፣ አይቻለሁ።

ከዚያ ደግሞ ጸጥታው መጣ። የከተማችን የጎንደር ክለብ ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድግ ከተማው ያበደውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ኮሮና በ2012 ውድድሩን እስኪያቋርጠው ድረስ ፋሲለደስ ስታዲየም ትልልቆቹን ክለቦች በቤቱ እያስተናገደ ነበር። በ2013 አፄዎቹ የምንላቸው ፋሲሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆኑ ግን ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ነበር የሚካሄደው። የተመኘነው ዋንጫ ሲመጣ በቴሌቪዥን ነው ያየነው። ደስታው ደስታ ነበር፣ የጎንደር ፒያሳ በመኪና ክላክስና በእልልታ ተናወጠች። ግን በቡና ቤት ቴሌቪዥን ፊት ቆርቆሮ አይንሿሿም። ለቤት ጨዋታ የሚዘጋጅ እቃ የቤት ጨዋታ ሲጠፋ ይጠፋል። ያን ጊዜ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፣ ጠጠር መምረጥ ማን አስተማረው?

እንግሊዞቹም ራትላቸውን ያጡት በአንድ ቀን አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቡድን የሚዘፈነው የድጋፍ ዘፈን ጎላ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ የደጋፊ ብጥብጥ ሲበዛ ከባድ እንጨት ይዞ መግባት መሣሪያ ነው ተብሎ በየስታዲየሙ መከልከል ጀመረ። ይህ ምክንያት ይገባኛል። በር ላይ ቆሞ የሚፈትሽ ሰው የኔን ትዝታ ሳይሆን የዳኛውን ጭንቅላት ነው የሚያስበው። ግን የሚወረወረው እንጨቱ ስለሆነ አይደለም፣ ሰው ሲናደድ ነው። ጥር 2005 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫው ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ሲወጣ ሜዳ ውስጥ የዘነበው ቩቩዜላና ጠርሙስ ነበር። ብራዚልም ለ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም ዋንጫ ካሺሮላ የሚባል አዲስ ማንሿሿያ አዘጋጅታ፣ ገና በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሳልቫዶር ላይ ደጋፊ ወደ ሜዳ ስለወረወረው ሳይጀመር ቀረ። ፕላስቲክ ነበር እኮ።

ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ አላስቻለኝም። የራትሉን ሥዕል ይዤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አናጢ ጋ ሄድኩ። ስልኬን ተቀብለው አቅርበው አራቁት።

«ምን ሊያደርግልህ ነው ይሄ?»

«ለኳስ ነው ጋሼ። ሲዞር ይጮሃል።»

«መዘውሩን በባሕር ዛፍ ብሠራልህ ጥርሱ በሳምንቱ ይረግፋል። ወይራ ነው የሚሆነው። ምላሱን ደግሞ ቀርከሃ አድርገው፣ ቀርከሃ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም።»

ሥዕሉ ላይ ያለውን ስስ ጣውላ በቀርከሃ መተካት የሳቸው ሐሳብ ነው፣ ደግሞም ትክክል ነበሩ። ሠርተው ሲሰጡኝ መጀመሪያ ያዞሩት እሳቸው ናቸው። ከጎናቸው ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው መዶሻውን ጥሎ ወጣ፣ በመንገዱ የሚያልፉ ተማሪዎች ቆሙ፣ አንዷ እናት «ምን ተፈጠረ?» ብለው ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። ተማሪዎቹ በየተራ ካላዞርን አሉ። ጋሼም ሌላ ለመሥራት ሥዕሉን በእርሳስ ጣውላ ላይ ገለበጡት።

እና አሁን የምለው ይህንን ነው። ለደጋፊ ማኅበሩም፣ ለሰፈር ውድድር አዘጋጆችም። ከመጪው ክረምት እንጀምር። በሰፈር ውድድር ላይ ስፒከሩን ለማስታወቂያና ለእረፍት ሰዓት ብቻ አድርጉት፣ ጨዋታ ሲጀመር ይጥፋ። ልጆች ቆርቆሮና ጀሪካን ይዘው ይግቡ፣ ትልልቆቹ ጠጠር አመራረጡን ያሳዩዋቸው። ራትሉን በተመለከተ የበሩ ስጋት እንዳይነሳ እጀታው ላይ የእጅ ማሰሪያ ገመድ ይደረግበት፣ ከእጅ አይወጣም። እቃውን ማኅበሩ ራሱ በቁጥር መዝግቦ በር ላይ ቢያድልና ሲወጡ ቢቀበል ደግሞ ማን ምን እንደያዘ ይታወቃል። አናጢው ጋሼ ብዛት ያለው ትእዛዝ ከመጣ ዋጋውን እንደሚቀንሱ ነግረውኛል፣ ወይራው ግን መድረቅ ስላለበት ሰኔ ሳይገባ ንገሩኝ ብለዋል።