የሰው መኪና ከመንዳት የራስ አይሱዙ እስከመግዛት

«ስንት ብር ቢኖረኝ አይሱዙ እገዛለሁ?» ይሄን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ስጠጣ ይጠይቁኛል። ጭነት ስጠብቅ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ እንደ እኔ የሰው መኪና ሲነዱ የኖሩ ልጆች ናቸው፤ ትንሽ እቁብ ደርሷቸዋል፣ ዘመድ ሊያግዛቸው ቃል ገብቷል፣ ልባቸው ተነስቷል። ቆሜ በሁለት ደቂቃ የምመልሰው ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እኔ 11 ዓመት የሰው መኪና ነድቻለሁ። ከዚያ በፊት 3 ዓመት ረዳት ነበርኩ። ሸራ ወጥሬያለሁ፣ ገመድ ጎትቻለሁ፣ ዳገት ላይ ከጎማ ስር ድንጋይ ይዤ ሮጫለሁ። መስመሬ ጅማ አዲስ አበባ ነው፣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር። ቡና ሲደርስ ደግሞ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ቦንጋ እገባለሁ።

የራሴ መኪና እንዲኖረኝ የቆረጥኩበትን ቀን አልረሳውም። የኋላ ጎማዬ አልቆ ነበር፣ ጥርስ የሚባል አልቀረውም። ለአሰሪዬ ደወልኩ። «እሷን ጭነት አድርሰህ ና፣ ከዚያ እንቀይራለን» አለኝ። የጊቤን ወንዝ ሸለቆ በዚያ ጎማ ወረድኩ። የጊቤን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አንዱን ጥምዝ ጨረስኩ ስትል ሌላው ይጠብቅሃል። ድልድዩ ጋ ስደርስ እጄ መሪው ላይ ደርቆ ቀርቶ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ልጆቼ ሲታመሙ ገንዘብ ያበደረኝ እሱ ነው። ግን ሕይወቴን በስልክ ሌላ ሰው ሲወስንልኝ ያን ቀን በደንብ ገባኝ።

4 ዓመት እቁብ ጣልኩ። ባለቤቴ ሱቅ አላት፣ ከሱቋም ቀነስን። ገንዘቡ ሲጠራቀም ያለንን በሙሉ አውጥቼ ሻል ያለ፣ ኤፍ ኤስ አር የሚባለውን ትልቁን አይሱዙ ልግዛ አልኩ። ባለቤቴ እምቢ አለች። «ከ5 እጅ አንዱ እኔ ጋ ይቀመጣል፣ በቀረው የሚገኘውን ግዛ» አለችኝ። ተጨቃጨቅን። ሦስት ቀን ያህል በደንብ አልተነጋገርንም። በመጨረሻ እሷ አሸነፈች፣ እኔም አነስ ወዳለው ኤን ፒ አር ወረድኩ። ያ አምስተኛው እጅ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ተመልሼ የሰው መኪና ላይ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የገዛሁት በሰኔ 2015 ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡናው ሲቀላ ሁሉም መኪና ይፈልጋል፣ ደላላውም ያውቃል፣ ዋጋው ሌላ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ገብቷል፣ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው፣ ግብር መክፈያና የንግድ ፈቃድ እድሳት በበሩ ቆሟል። መኪናው ቆሞ የሚበላበት ሰው የሚሸጠው ያኔ ነው። እርግጥ እኔም ገዝቼ እስከ መስከረም ሥራ ቀዝቅዞብኛል። ግን ያን ጊዜ መኪናዬን ለማወቅ ተጠቀምኩበት።

አሁን ወደ ማየቱ። ጠዋት 1 ሰዓት ሻጩ ግቢ ደረስኩ። ካቢናውን ወደፊት ደፋነው። ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩና መዳፌን አፉ ላይ አስቀመጥኩ። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ያለቀ ሞተር እዚያ ጋ መዳፍህን ይገፋሃል፣ ጭስም ይተፋል። የዚህ ቀለል ያለ ነበር። የክዳኑን ውስጥ በጣቴ ጠረግኩት፣ ጥቁር ዘይት ብቻ ነው። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ከዘይቱ ተቀላቅሏል ማለት ነው፣ ያን ካየህ ሻይህን ጠጥተህ ውጣ። ጭሱን አየሁ። ሰማያዊ የለውም፣ ዘይት አይበላም። ከዚያ ከስር ተኝቼ ገባሁ። ሻንሲው፣ መኪናውን የተሸከመው ብረት ላይ፣ የኋላ ባሌስትራ (ሞላ) መያዣው አጠገብ አዲስ ቀለም ካየህ በቁልፍ ፋቀው፣ ብየዳ የሚደበቀው እዚያ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ፣ በጣት እያስኬድክ አመሳክር።

ጎማውን ስታይ ጥርሱን ብቻ አትይ። ጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ 4 አሃዝ አለ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የሄደ ጎማ ጊቤ ሙቀት ውስጥ ይፈነዳል። 6 ጎማና አንድ ቅያሪ ስትቆጥር ትልቅ ገንዘብ ነው፣ ዋጋ ስትነጋገር ከዚያ ላይ ነው የምታስቀንሰው።

ይሄን ሁሉ አድርጌ አንድ ነገር አለፍኩ። ገና ግቢው ስገባ ራዲያተሩን ነካ አድርጌው ነበር፣ ሞቅ ብሏል። «ቦታ ለማስለቀቅ አስነስቼው ነበር» አለኝ። አመንኩት። አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለን፣ እኔ ረዳት እያለሁ ጀምሮ የማውቀው፤ በኋላ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ያላስነሳኸውን ሞተር አላየሁትም በል» አለኝ። ጓርኒሲዮኑ፣ በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ በትንሹ መበላት የጀመረ ሞተር ሌሊቱን ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ያንጠባጥባል፣ ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል። ከሞቀ በኋላ ግን ምንም አይታይበትም። ስለዚህ ለሻጩ ደርሻለሁ ሳትለው ከሰዓትህ ቀድመህ ሂድ። ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለስ።

ወረቀቱ ላይ ግን አልተሳሳትኩም። መኪናው ከእዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን መንገድ ትራንስፖርት ሄጄ በራሴ አይን አይቼ ነው ቀብድ የከፈልኩት። ባንክ በብድር የያዘውን መኪና ገዝቶ ሊብሬው እጁ ላይ የማይንቀሳቀስ ወረቀት የሆነበት ሰው አውቃለሁ። ውልና ማስረጃ ሳይኬድ፣ ስም ሳይዛወር፣ በውክልና ብቻ ንዳው የሚልህን አትስማው። ሻጩ ቢሞት ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ነው የምትገናኘው። ሌላው ኢንሹራንስ ነው። ሦስተኛ ወገን የግድ ነው፣ ግን እሱ አንተ የጎዳኸውን ሰው እንጂ የአንተን መኪና አይሸፍንም። ሙሉውን ለመግባት ዋጋው ያሳምማል። እኔ ገባሁ። ያለኝ ብረት እሱ ብቻ ነው።

እናቴ መኪናውን ስታይ አለቀሰች። ቡና አፍልታ፣ ቄጤማ ጎዝጉዛ መረቀችው። ያን ቀን ካቢና ውስጥ ብቻዬን ገብቼ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ ቁልፉን ሳላዞር።

በሦስተኛው ሳምንት 40 ኩንታል ቡና ጭኜ ጊቤን ተሻገርኩ። የወልቂጤውን ዳገት ስይዝ የሙቀት መለኪያው መውጣት ጀመረ። ማርሽ ቀነስኩ፣ አልወረደም። ዳር ይዤ አቆምኩ። እስኪበርድ ጠብቄ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩና አስነሳሁት፤ ውሃው እንደ ድስት ይፈላል፣ አረፋው አያቋርጥም። ጓርኒሲዮን ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ረዳቴና እኔ ሸራውን ሁለተኛ ጊዜ አሰርነው፣ ቡና እርጥበት ከነካው አለቀ።

በማግስቱ ጭነቱን ወደ ሌላ መኪና አገላበጥን። ኪራዩን የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ የጫኚና የአውራጁንም እኔ። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተጣሞ ስለነበር አዲስ አበባ ተልኮ ተልጎ እስኪመጣ 9 ቀን ወልቂጤ ቆምን። ለባለቤቴ ደወልኩ። «ነግሬህ ነበር» አላለችም። «ስንት ልላክ?» ነው ያለችው። ያ አምስተኛው እጅ ከግማሽ በላይ እዚያ ሄደ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ስለናረ፣ ዛሬ የሚገዛ ሰው ከእኔ የበለጠ መያዝ አለበት ባይ ነኝ። ስንት ብር ያስፈልጋል ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይሄ ነው፦ የመኪናው ዋጋና ሞተር አንድ ጊዜ አውርዶ ማሰሪያ። ሁለተኛው ከሌለህ ገና አልደረስክም፣ አንድ ዓመት ጨምረህ እቁብ ጣል።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት ደብተር አለ፣ ሰማያዊ ባለ 50 ሉክ። በግራ በኩል መኪናው፣ በቀኝ በኩል እኔ። ሹፌር ሆነህ ስትሰራ ገቢ ታስገባለህ፣ ደሞዝና አበልህን ትወስዳለህ፣ ያለቀው ዕቃ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ባለመኪና ስትሆን ሁሉም ብር በአንድ ኪስ ይገባና የአንተ ይመስልሃል። አይደለም። እኔ ለራሴ የሹፌር ደሞዝ እከፍላለሁ፣ ለሌላ ሰው ብነዳ የማገኘውን ያህል። ለረዳቴ እከፍላለሁ። የቀረው የመኪናው ነው። የእኔ ጭኖ በሊትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ስለዚህ ናፍጣውን ከመነሳቴ በፊት አውቀዋለሁ። ዘይት በየ5000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፣ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 700 ስለሆነ 7 ጉዞ ማለት ነው። ከየጉዞው የዘይቱን ሰባተኛ፣ የጎማውን፣ የቦሎውን፣ የኢንሹራንሱን እየቀነስኩ አስቀምጣለሁ። አንዳንድ ወር ግራው ገጽ ምንም አይተርፈውም። ቢሆንም ቤቴ በደሞዜ ይኖራል።

ሌላው ባዶ መመለስ ነው። ከጅማ ቡና ጭነህ ትሄዳለህ፣ ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ወይ ብረት ወይ ሸቀጥ ካላገኘህ ትርፉ መንገድ ላይ ይቀራል። ደላላ ጭነት ያመጣልሃል፣ ድርሻውንም ይወስዳል። ደላላውን የሚሳደብ ሹፌር ብዙ ነው፣ እኔ ግን ጭነት ያለበትን ስልክ የያዘው እሱ ነው እላለሁ። እየቆየህ የራስህን ደንበኛ ታበጃለህ። እኔ አሁን ሁለት ነጋዴዎች አሉኝ፣ በቀጥታ የሚደውሉልኝ። ያገኘኋቸው በንጽህና ነው። ቡና ሽታ ይስባል፤ ማዳበሪያ ወይ ሳሙና የጫነ የመኪና አካል (የጭነቱ ሳጥን) ላይ ሳይታጠብ ቡና ከጫንክ ጣዕሙ ይበላሻል። እኔ ቡና ከመጫኔ በፊት አካሉን አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ነው የምቀርበው። አንዱ ነጋዴ መጀመሪያ ቀን ወጥቶ ወለሉን በእጁ ዳሰሰና እጁን አሸተተ። ከዚያ ወዲህ ሌላ መኪና አልጠራም።

ቡና ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መሸኛ፣ ማለትም ሕጋዊ የማጓጓዣ ወረቀት፣ የሌለው ቡና በምንም ዋጋ አትጫን። ሌሊት የሚጠራህ፣ ኪራዩን እጥፍ የሚከፍልህ ሰው ይመጣል፣ በተለይ አዲስ ባለመኪና እንደሆንክ ሲያውቅ። ኬላ ላይ ሲያዝ የሚታሰረው መኪናህም ነው። እኔ ሁለቴ ተጠርቻለሁ፣ ሁለቴም ስልኩን ዘግቻለሁ። አንደኛው ጊዜ የቤት ኪራይ አልከፈልኩም ነበር፣ ልቤ አመንትቷል፣ አልዋሽም።

ባለፈው ሰሞን የድሮ አሰሪዬን ጅማ አጂፕ ሰፈር አገኘሁት። ጋሼ ነው የምለው እስከዛሬ። መኪናዬን ዞሮ አየው፣ ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማዎቹን ተራ በተራ ነካቸው። ምንም አላለም። ትከሻዬን ይዞ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ምሳ ካልጋበዝኩህ አለኝ።