ላፕቶፔን ፎርማት ሳላደርግ እንዴት አፈጠንኩት

አዲስ አበባ ውስጥ ለቀርፋፋ ኮምፒውተር የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት። ጥገና ቤት ስትወስዱት ልጁ አብርቶ ትንሽ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «እህቴ፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው» ይላል። ሐሰት አይደለም፣ ፎርማት ይሠራል። ለተወሰነ ጊዜ ማሽኑ ፈጣን ይሆናል። ከዚያ የምንፈልጋቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ስንመልስ ድካሙም አብሮ ይመለሳል። ማሽኑን ምን እንዳደከመው ማንም አላየማ!

እኔ ፎርማት ማድረግ አልፈለግሁም። ሥራዬ የሂሳብ ሥራ ነው። ላፕቶፔ ላይ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም አለ፣ የብዙ ነጋዴዎች የሂሳብ ፋይል አለ። ባክአፕ ቢኖረኝም ሁሉን እንደገና ጭኖ፣ እንደገና አስተካክሎ ወደ ሥራ መግባት የቫት ማሳወቂያ በሚደርስበት ሰሞን የሚሞከር ነገር አይደለም። ማሽኑ ያገለገለ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት፣ ዊንዶውሱ 10። በርቶ ኤክሴል እስኪከፈት ቡናው ባይደርስም ተቆልቶ ይወቀጣል። ፒችትሪ፣ ክሮምና ቴሌግራም አንድ ላይ ከተከፈቱ ደግሞ በቃ፣ ስታክ ያደርጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማየት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ጋር የመጣ የድሮ መሣሪያ ነው፣ ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ስታክ ያደረገ ፕሮግራም መዝጊያ አድርጎ ብቻ ነው። ትንሽ ሆኖ ከተከፈተ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ንኩት። ዋናዎቹ ዓምዶች አራት ናቸው፦ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና ኔትወርክ። የዓምዱን ራስ ስትነኩት ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል። የኔ ላይ ያየሁት ይሄ ነው፦ ሲፒዩ 11%፣ ሜሞሪ 93%፣ ዲስክ 100%።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የጠየቅሁት ሁሉ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል» ሲለኝ ነበር። ፕሮሰሰሩ ግን እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ የታነቀው ዲስኩ ነው። (በነገራችን ላይ «ዲቴይልስ» የሚለው ገጽ ላይ «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» የሚባል ነገር ዘጠናውን በመቶ ይዞ ስታዩ አትደንግጡ። ያ የሚበላ ፕሮግራም አይደለም፣ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ሊዘጋው የሚታገል ሰው አይቻለሁ።)

ዲስኩ ለምን ታነቀ? ራሙ፣ ማለትም ታስክ ማናጀር «ሜሞሪ» የሚለው የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ቦታ፣ ስለሞላ። ራምን 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ አድርጋችሁ አስቡት። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ትንሽ ይጨምራል። ዊንዶውስ 10ም ይሄንኑ ያደርጋል፤ ራም ውስጥ ያለውን ጨመቅ አድርጎ ቦታ ያወጣል። ከዚያ ካለፈ ግን አንዱ ሳይወርድ ሌላው አይገባም። የሚወርደው ዲስክ ላይ ወዳለው ፔጅ ፋይል ነው። ሲፈለግ ተመልሶ ይሳፈራል፣ ለእሱ ሲባል ደግሞ ሌላ ይወርዳል። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ እዚህም እዚያም የተበተነ ነገር ሲጠየቅ በሰከንድ መቶ ያህል ጥያቄ ቢመልስ ነው። ኤስኤስዲ፣ የሚዞር ነገር የሌለው የዲስክ ዓይነት፣ ይሄንኑ በዐሥር ሺዎች ይመልሳል። ስለዚህ የኔ ጥያቄ «የትኛውን ልዝጋ?» መሆኑ ቀረና «እነዚህን ሁሉ ማን አሳፈራቸው?» ሆነ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ኢንድ ታስክ» ብለህ የዘጋኸው ነገር ነገ ጠዋት ስታበራ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አንዳንዱ ነገን እንኳን አይጠብቅም፣ ወዲያው ይመለሳል። መልሱ ያለው እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» በሚለው ገጽ ላይ ነው። ማሽኑ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ይዘረዝራል፣ አጠገባቸውም ምን ያህል እንደሚያዘገዩ «ሃይ»፣ «ሚዲየም»፣ «ሎው» እያለ ይጽፋል። ይሄ በግምት የተጻፈ አይደለም። ሲነሳ ከ1 ሰከንድ በላይ የሲፒዩ ጊዜ ወይም ከ3 ሜጋባይት በላይ የዲስክ ሥራ የወሰደ «ሃይ» ይባላል።

የኔን ዝርዝር ሳነብ ሳቄ መጣ። ለአንድ ስብሰባ ብዬ የጫንኩት የቪዲዮ ፕሮግራም በየቀኑ ይነሳል። ድሮ ከሸጥኩት ፕሪንተር የቀረው ሶፍትዌር የሌለ ቀለም መጠን ይከታተላል። ከላፕቶፑ ጋር የመጣ፣ ጊዜው ያለፈበት የሙከራ አንቲቫይረስ አለ። ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ቴሌግራም፣ «አዲስ ስሪት ወጥቷል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁ ትንንሽ ፕሮግራሞች። አብዛኞቹን «ዲሴብል» አልኳቸው። ይሄ ማራገፍ አይደለም፤ ፕሮግራሙ አለ፣ ስትፈልጉት ትከፍቱታላችሁ፣ ሳይጠራ ግን አይመጣም። የፕሪንተሩንና የአንቲቫይረሱን ግን ጨርሼ አራገፍኳቸው፤ የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ አለኝ። የአማርኛ መጻፊያውን፣ የታችፓዱንና የድምፁን አልነካሁም።

አንድ ስም ላይ ቆም አልኩ፦ «ፐርቫሲቭ»። ምንም ሳልከፍት ይሠራል፣ የጫንኩትም አይመስለኝም። እንዲህ ዓይነት እንግዳ ሲገጥመኝ የማደርገው አንድ ነው። ቀኝ ክሊክ አድርጌ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» እላለሁ፣ ከየት እንደመጣ አያለሁ፤ ካልበቃኝ «ሰርች ኦንላይን»። ለካ ፒችትሪ ዳታውን የሚያስቀምጥበት የዳታቤዝ ሞተር ነው። እሱ ከሌለ ፒችትሪ አይከፈትም። የወር መጨረሻ ላይ «ፒችትሪ እምቢ አለኝ» ብለው ከሚደውሉልኝ መካከል አንዳንዶቹ ቤት ያጋጠመኝ ይሄ ነበር፤ ኮምፒውተሩን «ያጸዳው» ሰው ፐርቫሲቭንም አብሮ አጽድቶታል።

ብሮውዘር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ክሮምን ዘግታችሁት ታስክ ማናጀር ውስጥ አሁንም ካያችሁት አይግረማችሁ። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም» በሚለው ሥር ክሮም ከተዘጋም በኋላ ከጀርባ መሥራት እንዲቀጥል የሚፈቅድ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እሱን አጠፋሁ። ኤጅም «ስታርትአፕ ቡስት» የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ማታ ማታ ብቻ ለምነካው ብሮውዘር ቀኑን ሙሉ ራም የምይዝበት ምክንያት አልታየኝም። ክሮም ውስጥ ሳላችሁ ሺፍትና ኢስኬፕ ብትጫኑ የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ የትኛው ታብና የትኛው ኤክስቴንሽን ስንት ሜጋባይት እንደያዘ ለየብቻ ያሳያል። እኔ ጋ አንደኛ የወጣው ቪዲዮ የሚያወርድ ኤክስቴንሽን ነበር። መቼ እንደጫንኩትም ትዝ አይለኝም፣ ሄደ። «ሜሞሪ ሴቨር» የሚለውን ደግሞ አበራሁት፤ ያልተነካ ታብ ራሙን ይለቅና ስትመለሱበት እንደገና ይጭናል። በዳታ ለምትጠቀሙ ይሄ ገጹን ድጋሚ ማውረድ ማለት መሆኑን እወቁት።

ዳታ ካነሳን፣ የኔትወርክ ዓምዱንም እዩት። ዊንዶውስ አፕዴት ሲያወርድ ዲስኩንም ጥቅላችሁንም አብሮ ይበላል። የስልክ ሆትስፖት ስጠቀም ግንኙነቱን «ሚተርድ» አድርጌዋለሁ፤ ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ያቆየዋል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለውንም አጠፋሁት፤ እሱ ካልተነገረው የወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች ሊያካፍል ይችላል፣ በእናንተ ዳታ። አፕዴትን ለዘለዓለም መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው፣ አልመክረውም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስሆን ወይ በሌሊት ጥቅል እለቀዋለሁ። ዊንዶውስ 10 ራሱ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ የኔ ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ የለውም። ይሄንን የትኛውም ጽዳት አይፈታውም።

ያልነካኋቸውን ልንገራችሁ። «ሰርቪስ ሆስት» የሚል ስም ደርዘን ሙሉ ተደርድሮ አይታችሁ ቫይረስ ነው ያላችሁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ስሪት ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ከ3.5 ጊጋባይት በላይ ራም ባለው ማሽን ላይ ድሮ በአንድ ላይ ያጭቃቸው የነበሩትን አገልግሎቶች ለየብቻ ያስኬዳቸዋል። የበዙት ለዚህ ነው። «ሲስሜይን»ን፣ ማለትም ብዙ የምንከፍታቸውን ፕሮግራሞች ቀድሞ ራም ላይ የሚያዘጋጀውን የዊንዶውስ አገልግሎት፣ አጥፉ የሚል ምክር ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። አጠፋሁት፣ ለውጥ አላየሁም፣ መልሼ አበራሁት። ፋይል የሚፈልገውን የዊንዶውስ ሰርች ከማጥፋት ይልቅ የድሮ ፎቶና ባክአፕ የያዙትን ፎልደሮች ከዝርዝሩ አወጣሁለት፤ የደረሰኝ ስካን ፍለጋ ሲጠፋ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሂሳብ ሰው ያውቀዋል። «ራም ቡስተር» የሚባሉትን ግን በሩቁ። ሥራቸው ራም ውስጥ ያለውን ወደ ዲስክ መግፋት ነው። ቁጥሩ ወርዶ ያምራል፣ ከዚያ ማሽኑ የተገፋውን መልሶ ለማምጣት ያቃስታል። የኔ በሽታ ደግሞ ከመጀመሪያውም ዲስክ ነበር።

በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። «ፐርፎርማንስ» ገጽ ላይ ሲፒዩን ስትነኩ ከታች «አፕ ታይም» የሚል ቁጥር አለ፣ ማሽኑ ሳይቋረጥ የሠራበት ጊዜ። ማታ ማታ «ሻት ዳውን» አደርጋለሁ፤ ቁጥሩ ግን ሳምንታትን ያሳያል! ምክንያቱ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው «ፋስት ስታርትአፕ» ነው። ሻት ዳውን ስትሉ ፕሮግራሞቻችሁን ይዘጋል፣ የሲስተሙን እምብርት ግን ቶሎ ለመነሳት ሲል እንዳለ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። የተጠራቀመ ነገር ካለ ጠዋት አብሮ ይነሳል። እውነተኛ አዲስ ጅማሮ የሚሰጠው «ሪስታርት» ነው። አሁን ሰኞ ጠዋት ሪስታርት አድርጌ ነው ሥራ የምጀምረው። ፋስት ስታርትአፕን አላጠፋሁትም፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ጥቅሙ ይታያል።

ውጤቱ? ምንም ሳልከፍት 68% ይዞ የነበረው ሜሞሪ ወደ 47% ወረደ። ማሽኑ ከበራ በኋላ ዲስኩ አሁንም 100% ይነካል፣ ግን ይለቀዋል። ፒችትሪና ኤክሴል አብረው ይሄዳሉ። ክሮም ላይ ታብ ካበዛሁ አሁንም ይንገዳገዳል፤ 4 ጊጋባይት 4 ጊጋባይት ነው።

ይሄንን የሰሙ የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት «ልጄ፣ የኔንም እስቲ እይው» አሉኝ። የሳቸው ማሽን ችግሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ይሰካበታል፣ ከተሰካ በኋላ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ይሆናሉ። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» የሚል አለ። ስሙ የማይክሮሶፍት ነው፣ ፕሮግራሙም እውነተኛ የዊንዶውስ ነው፤ ግን ስክሪፕት ማስኬጃ ስለሆነ ማን ምን እንደሚያስኬድበት ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ዘጋሁት፣ ምክንያቱም እሱ ሳይዘጋ ፋይሉን ብትሰርዙት መልሶ ይጽፈዋል። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጭኜ «ሼል ስታርትአፕ» የሚለውን ትዕዛዝ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ባለ ሁለት ነጥብ ምልክት አድርጌ ጻፍኩ። የተከፈተው ፎልደር ውስጥ ስሙ ዝብርቅርቅ ያለ አንድ የስክሪፕት ፋይል ተጋድሟል። ሰረዝኩት፣ በዊንዶውስ መከላከያ ሙሉ ስካን አስደረግሁ። ፍላሹ ላይ የጠፉ የመሰሉት ፋይሎች አልጠፉም፣ ተደብቀው ነበር፤ በ«አትሪብ» ትዕዛዝ ተመለሱ።

ከዚህ በኋላም ወርድና ብሮውዘር አንድ ላይ ሲከፈቱ ማሽኑ ይቆማል። ስታርትአፑ ውስጥ የሚነሳ የቀረ ነገር የለም። ራሙ 2 ጊጋባይት ነው፣ ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ 10 የሚጠይቀው ዝቅተኛው ልክ። «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ራም መግዛት ይሻልዎታል» አልኳቸው። «ፐርፎርማንስ» ገጽ ላይ ሜሞሪን ብትነኩ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ ባዶ እንደሆነ ይጽፋል። የሳቸው ከሁለቱ አንዱ ባዶ ነው። ገጹን በስልካቸው ፎቶ አነሳሁላቸው፣ ክዳኑን ከፍተንም የድሮውን ራም ጽሑፍ አነሳን። ዲዲአር3 ነው፤ ዲዲአር4 ቢያመጡ ማስገቢያው አይቀበለውም።